የታጠበው የቤት ጫማ

ሽማግሌው ወደ ሽንት ቤቱ ከሚያወርደው አጭር ደረጃ ግርጌ በጎናቸው ተጋድመዋል። አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ ቀርቷል፤ አጥልቀውት የነበረው ለስላሳ አዲስ የቤት ጫማ ተሽቀንጥሮ ግድግዳው ስር ወድቋል። የፒጃማቸው ሱሪ ረጥቧል። ጠባቡ ኮሪደር የሽንትና የወለል ሰም ሽታ ተደባልቆበት አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየቻቸውና ቀና አለች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም ነበር፤ በኋላ ግን ስትጠይቅ እንዴት እንደምትወጋ ያየ ሁሉ ስሙን አጸደቀላት። ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሽታም አይበግራትም። ዛሬ ጠዋት ያስቆጣት ከሳሎን የሚሰማው ንግግር ነው።

«እንግዲህ እርጅና ነው» ይላል አንዱ።

«ምን ይደረግ፤ ዕድሜ ነው» ትላለች ሌላዋ።

ሰውየው ከወደቁበት ሳይነሱ፣ ገላቸው በወጉ ሳይቀዘቅዝ፣ ነገሩ ተዘግቷል።

ፖሊስ የጠራችው ሴት ልጃቸው ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከአባቷ ጋር የምትኖረውም እሷ ብቻ ነች። ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማለች።

«ለምን ጠራሽን?» አለቻት መርፌ። «ወንድሞችሽ ወድቀው ነው የሞቱት ይላሉ።»

«መውደቁንማ ወድቀዋል። መብራቱ ነው ያልገባኝ።»

«የቱ መብራት?»

ልብስ ሰፊዋ ልክ ከአባቷ በላይ የተንጠለጠለውን አምፖል በአገጯ አሳየቻት። «ጎህ ሲቀድ ሲወድቁ ሰምቼ ሮጬ መጣሁ። ማብሪያውን ተጫንኩት፤ አልበራም። በስልኬ መብራት ነው ጋሼን ያገኘኋቸው። ለወንድሞቼ ደወልኩ። ታላቄ ቀድሞ ደረሰ። ጎረቤት ጠርቼ ስመለስ ኮሪደሩ ቦግ ብሏል።»

«ጠፍቶ መጥቶ ይሆናላ።»

«የጓዳው ፍሪጅ ሲያንጎራጉር እየሰማሁት ነበር እኮ! አልጠፋም።» አንገቷን ደፋች። «ደንግጠሽ ነው ይሉኛል። ደንግጫለሁ፤ ግን አላበድኩም።»

መርፌ ከልብስ ስፌት መኪናው ስር በርጩማ አስመጥታ ከሬሳው ራስጌ አቁማ ወጣችበት። አምፖሉ አናት ላይ ለዓመታት የተጋገረ አቧራ አለ። በአቧራው መሃል ትኩስ የጣት ምልክቶች አሉ። ምንም ሳትናገር ወረደችና ከእሷ ጋር የመጣውን የአሻራ ባለሙያ በዓይኗ ጠቀሰችው።

በኮሪደሩ መስኮት በኩል ጓሮው ይታያል። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንድ ጥንድ ያረጀ፣ ከስሩ ወፍራም ጎማ ያለው የቤት ጫማ ውሃ ያንጠባጥባል።

«የማን ነው?»

«የጋሼ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ግራ ተጋብታ። «ከእግራቸው አያወልቁትም ነበር። እኔ አላጠብኩትም። ትናንት ሁላችን እዚህ ነበርን፤ ወንድሞቼም፣ የታላቄ ሚስትም። እኔ ለደንበኛ የማስረክበው ቀሚስ ነበረብኝ። ሁሉም ላግዝሽ ላግዝሽ ሲል ነው የዋለው፤ ማን ምን እንዳደረገ አላየሁም።»

መርፌ ወደ ጓሮ ወጥታ ጫማውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የልብስ ሳሙና አይሸትም። አበባ አበባ ይላል። ከእርጥቡ ጎማ የሚወጣው ጣፋጭ ሽታ ከኮሪደሩ ሽንት ይልቅ አቅለሸለሻት።

*

ታላቅየው ልጅ መሐንዲስ ነው፤ ረጅም፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃላቱን የሚመርጥ። ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀብሏታል።

«ጋሼ በጣም ደክመው ነበር» አለ። «ዓይናቸውም እግራቸውም። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ የሚያሸናም አለ። ከእንቅልፋቸው እየተነሱ ይወጣሉ። አንድ ቀን እንደሚመጣ እናውቅ ነበር።»

«ትናንት ለምን ተሰበሰባችሁ?»

«እህቴ የወገብ ቀዶ ሕክምና አላት። ጋሼን ያጠበቻቸውም ያነሳቻቸውም እሷ ናት፤ አሁን ተራው የኔ ነው። ወደ እኔ ቤት ሊመጡ ነበር። ክፍላቸው ተዘጋጅቷል።»

«ኮሪደሩ ላይ መብራት ነበር ሲደርሱ?»

ያነባበረውን እግሩን አወረደ። «ይመስለኛል። ልብ አላልኩም።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ የውበት ሳሎን ባለቤት ናት። ጥፍሯ ያማረ፣ ጸጉሯ አንድ ዘለላ ያልተዛነፈ። ሶፋው ላይ መሃረብ አንጥፋ ነው የተቀመጠችው።

«አባባን እንደ ወላጅ አባቴ ነው የማያቸው» አለች፤ ዓይኗን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች። «እኔ ቤት መጥተው ላገለግላቸው ስል አባባ አመለጡኝ።»

«ጫማቸውን ማን እንዳጠበው ያውቃሉ?»

«እህታችን ትሆናለች። ጎበዝ ናት።»

ታናሽየው ልጅ ሾፌር ነው። ደጃፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ትናንት ጠጥቶ እንደነበር ከአፉ ይታወቃል። ከአባቱ ጋር መጨቃጨቁንም ጎረቤት ነግሯታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመደገፊያው» አለ ሳያያት። «የደረጃው መደገፊያ ከላላ ከርሟል። እጠግነዋለሁ ስላቸው ነው የኖርኩት። ትናንት ጋሼ ‘አንተ ልጅ፣ ስሞት ልትጠግነው ነው?’ አሉኝ። ተናደድኩ።» ድምፁ ተሰበረ። «ሰሙንም የቀባሁት እኔ ነኝ። እትዬን ላግዛት ብዬ። መስታወት እስኪመስል ነው የወለወልኩት።»

እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወደ ጓሮ ሮጠ፤ ሲያስመልሰው ተሰማት።

*

ሰፈሩን ዞራ ሕሙማንን የምትጠይቀው ነርስ ጤና ጣቢያው ውስጥ ፋሻ እየጠቀለለች ነበር። የሽማግሌውን ሞት ስትሰማ ፋሻው ከእጇ ወደቀ።

«አሳይቻቸው ነበር እኮ!» አለች። «ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት ነው ቤቱን ዞሬ ያሳየኋቸው። ‘ሽማግሌ ሰው የሚወድቀው ስላረጀ ብቻ አይደለም’ አልኳቸው። ጨለማ ኮሪደር፣ የሚያዳልጥ ወለል፣ የላላ መደገፊያ፣ ሶሉ ልሙጥ የሆነ ጫማ፤ አንዱ ብቻውን ላይጥል ይችላል፤ ሲደራረብ ግን ይጥላል። ያንን የጎማ ጫማ ከእግራቸው እንዳታወልቁ ብዬ ለምኜአቸዋለሁ።»

«ከዚያ ወዲህ አላገኘሻቸውም?»

«ሴት ልጃቸው ደውላልኛለች። በጤና ጣቢያው ስልክ።»

«ልብስ ሰፊዋ?»

«ልጃቸው ነኝ ነው ያለችኝ። ‘አባባን እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል፣ የእንቅልፍ ኪኒን ብንሰጣቸውስ?’ አለችኝ። በፍጹም አልኳት። የግፊት መድኃኒት ላይ ናቸው፤ ሽንት ይቀሰቅሳቸዋል። በኪኒን የደነዘዘ ሰው ድንገት ሲነሳ ደሙ ከጭንቅላቱ ይወርዳል፤ ይዞርበታል፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይወድቃል አልኳት። አመስግና ዘጋች።» ነርሷ ፊቷ ገረጣ። «ሰጡዋቸው እንዴ?»

መርፌ የሰማችውን በልቧ እየደጋገመች ወጣች።

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ የሄደችው ወደ መሐንዲሱ ቤት ነው። በሩን የከፈተላት እሱ ነው፤ ልብስ ሊቀይር ብቅ ብሎ ነበር፤ ሚስቱ ለቅሶው ቤት ቀርታለች።

«ለአባትዎ የተዘጋጀውን ክፍል ያሳዩኝ።»

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«ያሳዩኝ።»

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። በሩ ሲከፈት አበባ አበባ የሚል ሽታ ፊቷን መታት። አልጋ የለም። ግድግዳው ላይ ትልልቅ መስታወቶች በብሎን ታስረዋል። ጥግ ላይ ጸጉር ማጠቢያ ገንዳ ተተክሏል፤ ቧንቧው ግድግዳ ሰብሮ ገብቶ በሲሚንቶ ተደፍኗል። መደርደሪያው ላይ ሮዝ ሻምፖ በትልልቅ ጠርሙስ ተደርድሯል።

«አልጋው ሊመጣ ነበር» አለ መሐንዲሱ ወደ መሬት እያየ።

«የት ላይ ሊያርፍ?»

መርፌ የአንዱን ጠርሙስ ክዳን ከፍታ አሸተተችና መልሳ ገጠመችው። ከዚያ እጇን በሱሪዋ ጠረገች።

*

ከቀብሩ በኋላ ሐኪሙ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ሲልክላት ሁሉንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የተወለወለውን ወለል ታብለጨልጨዋለች። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ ሾፌሩ ከእግሯ ስር፣ ባልና ሚስቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷን በር አጠገብ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻት።

«አባታችሁን የገፋቸው ሰው የለም» ብላ ጀመረች።

መሐንዲሱ ተነፈሰ። «ከመጀመሪያውም ያልነው ይህንን ነው።»

«አልጨረስኩም። የገፋቸው የለም፤ እንዲወድቁ ያዘጋጃቸው ግን አለ። ይህች ነርስ ሽማግሌ ሰው ምን ምን እንደሚጥለው ቤቱን ዞራ አሳየቻችሁ። ማናችሁም ምንም አላስተካከላችሁም። መደገፊያው እንደላላ ቀረ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው ከልቡ ያዳመጣት።»

ሾፌሩ አንገቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ።

«ከአምፖሉ ልጀምር። አልተቃጠለም፤ ላልቶ ነበር። አናቱ ላይ የሁለት ሰው ጣት አለ፤ ትንሽ ጣት ከስር፣ ትልቅ ጣት ከላይ። ትንሹ አምፖሉን አላላው፤ ትልቁ በኋላ መጥቶ አጠበቀው። ትንሹ ስለተድበሰበሰ የማን እንደሆነ አይለይም። እዚህ ቤት ትንሽ እጅ ያላቸው ሁለት ናቸው፤ ሁለታችሁ፣ የቤተሰቡ ሴቶች።»

«እሷ ናት አብራቸው የምታድረው» አለች የመሐንዲሱ ሚስት በቀስታ። «ደክሟት ነበር፤ ምስኪን። ማን ይፈርድባታል?»

ልብስ ሰፊዋ ብድግ ልትል ስትሞክር ወገቧ ያዛትና ተመልሳ ተቀመጠች። «እኔን ነው የምትይው?»

«ረጋ በይ» አለቻት መርፌ። ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ሰሙን ማን ሰጠህ?»

ሾፌሩ ቀና አለ። «የታላቄ ሚስት። ገዝታ መጥታ ‘እህትህ ወገቧን እያመማት አንተ ትተኛለህ?’ አለችኝ። አፈርኩና ቀባሁት።»

«እኚህ ሴት እዚህ ቤት ምን ምን ነክተው ያውቃሉ?»

«እሷ?» ሾፌሩ በምሬት ሳቀ። «ጋሼ የጠጡበትን ብርጭቆ አትነካም። የራሷን ይዛ ነው የምትመጣው። ጋሼ ሲያስሉ ተነስታ ትወጣለች።»

«እንግዲያው ንገሩኝ» አለች መርፌ ወደ ሴትየዋ እያየች። «ብርጭቆአቸውን የሚጸየፍ ሰው ጫማቸውን ምን ብሎ ያጥባል? ጫማው የታጠበው በልብስ ሳሙና አይደለም። እርስዎ ምድር ቤት ባለው ሻምፖ ነው። እሱንም በቦርሳዎ ይዘው መጡ። ሲመሽ የጎማው ጫማ ገመድ ላይ ርጥብ ነው፤ እርስዎ በስጦታ ያመጡላቸው አዲሱ እግራቸው ላይ ነው። ከስሩ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ነው።»

«ማጠብ ወንጀል ሆነ?» አለች ሴትየዋ። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ስጦታ ማምጣትስ?»

«አይደለም። ሐኪሙ ደማቸው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት አግኝቷል። ያን ምሽት ሻያቸውን ማን ቀዳላቸው?»

«እሷ ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል። «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የቀዳችላቸው። ጋሼ ደስ አላቸው። ‘ተባረኪ’ አሏት።»

መርፌ ወደ ነርሷ አመለከተች።

«ይህችን ነርስ በስልክ የጠየቀቻት ሴት ‘ልጃቸው ነኝ’ ብላለች» ቀጠለች መርፌ። «እኔም መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋን ጠርጥሬ ነበር። ነርሷ ግን የደዋይዋን ቃል እንዳለ ነገረችኝ። ‘አባባን እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል።’ እዚህ ቤት ስመላለስ ሰነበትኩ። ልብስ ሰፊዋ ‘ጋሼ’ ትላለች። ሾፌሩ ‘ጋሼ’ ይላል። መሐንዲሱ እንኳን በዚያ ሁሉ ጥንቃቄው ‘ጋሼ’ ነው የሚለው። እነዚህ ልጆች አባታቸውን በሌላ ስም ጠርተው አያውቁም። ‘አባባ’ የምትላቸው አንዲት ሰው ናት።»

ሁሉም ወደ ሴትየዋ ዞሩ። ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች። «ድምፅዋ ነው» አለች። «‘ማን ይፈርድባታል’ ስትል ነው የለየሁት። እኔ እንዳትሰጡዋቸው ብዬ የነገርኩትን…»

«አንቺ አስጠነቀቅሻት» አለች መርፌ። «እሷ እንዴት እንደሚደረግ ተማረችበት። ማታ ስትወጣ ሽንት ቤት ልግባ ብላ ኋላ ቀረች፤ በርጩማው ላይ ወጥታ አምፖሉን አላላችው። የቀረውን ሥራ ለሽማግሌው ፊኛ ተወችለት።»

«ለምን?» አለ ሾፌሩ። «ምን አደረጉሽ?»

መርፌ መሐንዲሱን አየችው። «ክፍሉን አይቻለሁ። ሽማግሌ የሚጠብቅ ሰው ግድግዳ ሰብሮ የጸጉር ማጠቢያ አይተክልም። አባታችሁ ወደዚያ ቤት እንደማይደርሱ ታውቅ ነበር።»

የሴትየዋ ፊት ላይ የነበረው ለስላሳ ነገር እንደ ቀለም ተላጠ። ወደ ባሏ አልዞረችም፤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ነው የዞረችው።

«አንቺ ለምደሽዋል» አለቻት። «አፍንጫሽ ሞቷል። እኔ ግን አልችልም። ያ ሽታ፣ ያ አክታ፣ ሲበሉ ከአፋቸው የሚወድቀው። ደንበኞቼ በዚያ በኩል ነው የሚገቡት። በዳይፐር ላመላልሳቸው ነበር? እኔ እጄን አላሳረፍኩባቸውም። በራሳቸው እግር ሄደው ነው የወደቁት። ማንም ቤት ቢሆን ይወድቁ ነበር!»

መርፌ ብዙ ገዳይ አይታለች። በቅናት የታወሩ፣ በስካር የደነዘዙ፣ ከገደሉ በኋላ ራሳቸውን ይዘው የጮኹ። እንደዚህች ዓይነቷን ግን አላየችም። ሴትየዋ በሠራችው አልደነገጠችም፤ አሁንም የምትጸየፈው ሽማግሌውን ነው። መርፌ ወደ በሩ አመለከተችና ፖሊሶቹ ገብተው ሴትየዋን አስነሷት።

«ትልቁ ጣትስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መርፌ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ግን አላስፈለገም። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድሟን እያየችው ነው። እሱ ከሶፋው ተነስቶ እጁን ዘርግቶ ወደ እሷ መጣ።

«እህቴ፣ ስሚኝ። እኔ ከመሆኑ በፊት አላወቅኩም። በጨለማ ስገባ አምፖሉን ነካሁት፤ ላልቶ ሳገኘው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምን ላድርግ? ሚስቴ ናት፤ ልጆች አሉን። ጋሼ ደግሞ አንዴ…»

«አምፖሉ ከጋሼ በላይ ነው ያለው» አለች።

መሐንዲሱ ወደ ኮሪደሩ አየ።

«ኮሪደሩ ለአንድ ሰው እንኳን ይጠባል። ያለ በርጩማ መድረስ የምትችለው በላያቸው ተንፈራጥጠህ ነው። ማብሪያውን እኔ ተጭኜው ስለነበር፣ ስታጠብቀው ቦግ ብሎብሃል። ፊታቸውን አይተሃል።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በጋሼ ላይ ቆመህ፣ ወደታች አይተሃቸው፣ ከዚያ ወጥተህ ‘እርጅና ነው’ አልከኝ። እኔን ‘ደንግጠሽ ነው’ አልከኝ።»

መሐንዲሱ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ያንን እጅ አየችው፤ ከዚያ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ተደግፋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ወገቧ እያማት፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጣቶቹ እንዳይደርሱባት ግድግዳው ድረስ ሸሸች።

ሾፌሩ ተነስቶ በሩን ከፈተ።

«ውጣ» አለው።